የሰኔ መሬት

ምጽዋ ወይም አሰብ የኖረ ሰው ባሕር በየቀኑ ሲሸሽና ሲመለስ አይቷል። ያንን ውሃ የምታዘው ጨረቃ ናት። ጣና ላይ ግን የጨረቃ ጉልበት በዓይን አይለይም፤ የጣና አዛዥ ክረምት ነው። ስለዚህ ጣና የሚሸሸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ ዕለት ዕለት የሚያየው ሰው እንኳ ሳይነቃበት ነው። ዘመን ሲለወጥ ሞልቶ የተገኘው ውሃ ከጥቅምት በኋላ ጥቂት ጥቂት እያለ ይወርዳል። ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ ከሙላቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ያን ጊዜ በባሕር ዳር ከተማ ጥግ፣ በመናፈሻው ግንብና በውሃው መካከል፣ ተሸፍኖ የከረመ መሬት ይወጣል።

እኔ የሰኔ መሬት እለዋለሁ። በካርታ ላይ ሐይቅ ነው፤ ሲረገጥ መሬት ነው። ክረምቱ ሲገፋ ደግሞ ተመልሶ ሐይቅ ይሆናል። የማን ነው? ምንስ ተብሎ ይቆጠራል? ጥያቄው የቀበሌ ጉዳይ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ስለ ይዞታ፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ጊዜ ያለንን አሳብ ሁሉ ያነቃንቃል።

በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ ተነጥፎለታል። ደግ ሥራ ነው። በብዙ ቦታ በአጥር ተከልሎ የኖረውን ውሃ አሁን ማንም መጥቶ ሊያየው ይችላል። ሰው ከንጣፉ ላይ ቆሞ ክብራን ገብርኤልን፣ አየሩ ጥርት ሲል የዘጌን ጫካ ይመለከታል። ተመራቂው ጋዋኑን ለብሶ ፎቶ ይነሳል፤ ሙሽሮች አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ። ሁሉም ዓይኑን ወደ ሩቅ ይልካል። ከግንቡ ሥር ያለውን የሚመለከት ግን ጥቂት ነው።

ሰኔ ላይ ከግንቡ ሥር መውረድ ያስፈልጋል። ጠዋት ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሞገዱ ዳሩን ይደበድባል። ጥቁሮቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ወገባቸው ላይ የመስከረሙን ልክ የሚያሳይ ደብዛዛ መስመር ይዘዋል። ከመስመሩ በላይ ድንጋዩ ግራጫ ነው፤ ከመስመሩ በታች ደርቆ የሚላጥ አልጌ ለብሷል። ጭቃው ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሟል። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። አርጃኖ ከድንጋይ ሥር ብቅ ይልና ሰው ሲያይ ይመለሳል። ፔሊካንና ጋጋኖ ጥልቀቱን ባጣው ውሃ ውስጥ ሲሳያቸውን ይለቅማሉ። ከዚያ የእኛ ነገር ይጀምራል፦ የተቀደደ የናይለን መረብ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሃይላንድ፣ ፌስታል። መስከረም ላይ ውሃ የሸፈነው የፍሳሽ ቱቦ አፍ ሰኔ ላይ ተገልጦ ይታያል። ከተማችን ወደ ሐይቁ ምን እንደሚያወርድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የጥናት ወረቀት መጠበቅ የለበትም፤ ወርዶ ይመልከት።

በአባቶቻችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ውሃና የብስ የተለዩት በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ልጅ ሆነን ስንሰማው አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለቀ ነገር ይመስለናል፦ ውሃው ወደ ስፍራው ሄደ፣ የብሱ ተገለጠ፣ ወሰኑ ጸና። ጣና ዳር የከረመ ሰው ግን ያ ማክሰኞ እስከ ዛሬ አልመሸም ሊል ይችላል። እዚህ የብስ በየዓመቱ ይገለጣል፤ በየዓመቱም ይከደናል። ሊቃውንቱ ፈጣሪ ፍጥረቱን ዘወትር ይጠብቀዋል፣ ይመግበዋል ሲሉ የሚያስተምሩት ነገር ለእኔ ግልጽ ብሎ የታየኝ መጽሐፍ ስገልጥ ሳይሆን ይህን ዳርቻ ሳይ ነው። ለጣና ወሰን ተሰጥቶታል፤ ወሰኑ ግን በጊዜም ጭምር የተሰጠ ነው። በዚህ ወር እስከዚህ፣ በዚያ ወር እስከዚያ።

እኛ ወሰንን የምናውቀው በድንጋይ ነው። በገጠር ድንበር ገፊ ከሌባ የከፋ ሰው ነው፤ ሌባ የወሰደው ይመለሳል፣ የተገፋ ድንበር ግን ለልጅ ልጅ ቂም ይሆናል። ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ይማሉበታል፣ ደም የፈሰሰበትም አለ። ጣና በየዓመቱ ድንበር ይገፋል፣ በየዓመቱም የገፋውን ይመልሳል። አንድ ሰኔ ደንገል አስጥተው ታንኳ የሚሠሩ አዛውንት ዳር ላይ አግኝቼ፣ “አባባ፣ የባሕሩ ወሰን የቱ ጋ ነው?” አልኳቸው። ቀና አሉና፣ “የመቼውን ነው ልጄ?” አሉኝ። ቦታ ጠይቄ ወር ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ዳርቻ ከዚህ የሚበልጥ ንግግር አልሰማሁም።

አንድ ሜትር ተኩል በሁሉም ዳር አንድ ዋጋ የለውም። ከተማው ዳር፣ ድንጋያማ በሆነው በኩል፣ ውሃው ሲሸሽ የሚለቀው ጥቂት እርምጃ ነው። የሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ግን ሜዳ ነው። ደንቢያና ፎገራ ላይ ያው አንድ ሜትር ተኩል ወደ ጎን ተዘርግቶ ሰፊ ማሳ ይሆናል። የዚያ አገር ገበሬ ይህን መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል። ዝናብ ሳይጠብቅ፣ ውሃው ትቶት በሄደው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ያበቅልበታል። ወንዞቹ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ከደጋው ያወረዱት አፈር እዚያ ተኝቷል። ገበሬው ውሃውን እግር በእግር እየተከተለ ይዘራል፤ ውሃው ሲመለስ ይለቅለታል። “የኔ ነው” ሲል ውሃው እስኪመለስ ማለቱ ነው። ጠብ የለም ማለቴ አይደለም፤ የሸሸውን መሬት ለመያዝ የሚጋፋው ብዙ ነው፣ ውሃው እንዳይመለስ እርከን የሚክብም አለ። ሥራው ራሱ ግን አንድ ትልቅ አሳብ ተሸክሟል። መሬትን ለዘለዓለም ሳይዙ መኖር ይቻላል፤ ጎረቤትህ ውሃ ሲሆን እንዲያውም ሌላ መንገድ የለም።

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጎጃምና በበጌምድር የነበረው ርስት ሲታሰብ ብዙዎቻችን የምናስበው ከአባት ወደ ልጅ የምትተላለፍ አንዲት የተወሰነች ማሳ ነው። ርስት ግን መጀመሪያ የድርሻ መብት ነበር። ሰው ከዋናው አባት መወለዱን ቆጥሮ፣ ከዚያ አባት መሬት ድርሻዬ ይሰጠኝ ይል ነበር። የትኛው ማሳ እንደሚደርሰው ዕጣ፣ ክርክርና ጉልበት ይወስኑት ነበር፤ ማሳውም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ይህ ሥርዓት የማያልቅ ሙግት እንደወለደ አውቃለሁ፤ መልሼ ላመጣው አልመኝም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲሽረው ብዙ ሰው ነጻ ወጥቷል። ነገር ግን አያቶቻችን አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ በመሬት ላይ መብት አለኝ ማለትና ይህን ጭብጥ አፈር ለዘለዓለም ጨብጫለሁ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደግሞም ከርስቱ ውጭ የቀሩ ነበሩ። ነገደ ወይጦ ከጣና ዳር ሕዝቦች ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ የሚካፈለው መሬት ግን አልነበረውም። ጉማሬ አድኖ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ ደንገል ቆርጦ ታንኳ እየሠራ የኖረው በዚህ ማንም በማይከራከርበት ጥግ ላይ ነው። የሰኔ መሬት ርስት አይሆንም ነበርና ርስት ለሌለው ማደሪያ ሆነ። ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፉት ታንኳዎች ደንገላቸውን ያገኙ የነበረው ከዚሁ ዳር ነው። ከተማው ሲያድግ በመጀመሪያ የተጠየቀው ቦታም ይኸው ነው፤ ባለቤት የለውም ተብሎ። የዳርቻው ጥያቄ የወፍና የአበባ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብ። ባዶ ነው በተባለ ቦታ ሁሉ ሳይጠየቅ የሚነሳ ሰው አለ።

ሌላም ነገር አለ፤ ነገሩን ከተፈጥሮ ወደ ሕሊና የሚያመጣው እሱ ነው። ጣናን ለመገደብ የታሰበው ዛሬ አይደለም። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ሐይቁ ከዓባይና ከሶባት ጋር በስም ተጠቅሷል፤ ሱዳንንና ግብፅን ይገዛ የነበረው መንግሥት ውሃውን እንደ ማጠራቀሚያ ያየው ነበር። ግድቡን የሠራነው ግን እኛ ነን። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራጨራ በተባለው ቦታ ሁለት በሮች ያሉት ዝቅተኛ ግድብ ተጠናቀቀ፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት በሮች ተጨመሩ። በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጣና ሲሸሽ ክረምት ብቻውን አላዘዘውም። በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ።

የዚህ ትርጉም በ1995 ዓ.ም. ታየ። ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ዝናብ አነስተኛ ነበር፤ ተርባይኑ ግን ውሃ መጠየቁን አላቆመም። ሰኔ ላይ ሐይቁ መለካት ከጀመረ ወዲህ ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ። መርከቦች ለአራት ወር ያህል መንቀሳቀስ አልቻሉም። ሰፊ የደንገል ቦታ ጠፋ። በተገለጠው ወለል ላይ እርሻ ወረደ፤ የዓሣው ምርት ቀነሰ። ያን ዓመት አዲስ አበባ አምፖል ያበራ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ጣና ዳር አንድ ክምር ደንገል አድርቋል ማለት ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ መብራት የሌለበትን ቤት ችግር አውቃለሁ። የምለው ዳርቻው ከሩቅ ቤቶች ጋር በማይታይ ገመድ እንደተያያዘ ነው። ግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ፤ በምዕራብ በኩል የሐይቁን ውሃ በተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። ፀሐይም ድርሻዋን ትወስዳለች፤ በዓባይ በኩል ከሚወጣው ይልቅ በትነት ወደ ሰማይ የሚወጣው ይበልጣል። ሰኔ ላይ ጭቃው ላይ የቆመ ሰው ዝቅታውን አይቶ ይህ የሰማይ ነው፣ ይህ የሰው ነው ብሎ መለየት አይችልም። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ተጽፈዋል። የሠለጠነ ሰው ኃላፊነት ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ሥራችን ከፍጥረት ሥራ ጋር ተቀላቅሎ ሲታይ፣ የእኛን ድርሻ ለክረምት ማሸከም በጣም ይቀላል።

ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሐይቁ ሁልጊዜ ተለዋዋጭ ከሆነ፣ “እውነተኛው ዳር” የሚባል ከሌለ፣ ግንቡን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ብናስገባው ምን ይጎድላል? ተቃውሞውን ላጠናክረው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ በወጣ ጭቃ ላይ ተመርኩዞ እንዳሳየው ጣና አንድ ጊዜ ጨርሶ ደርቆ ነበር። ከዛሬ 16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት፣ ዛሬ ከሁሉ ጥልቅ በሆነው መካከሉ ላይ፣ የደንገል ረግረግ ነበር። ከዚያ ውሃው መጣ፤ መውጫ ስላልነበረው ጥቂት ጨዋማ ሆነ፤ ከ14,750 ዓመት በፊት ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰና እንደገና ጣፋጭ ሆነ። እንግዲህ ዳሩ መሐል የነበረበት ዘመን አለ። የትኛውን ወሰን እናስከብር?

ይህ ጥያቄ ብዙ አስጨንቆኛል። መልሱን ያገኘሁት ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው። ደንገሉ ከዛሬው ሐይቅ ቀድሞ እዚያ ነበር። ውሃው ሲሞላ ደንገል አልጠፋም፤ ከውሃው ጋር ወደ ዳር ወጣ። ሊወጣ የቻለው ግን ዳሩ ክፍት ስለነበረ፣ ለውጡም የብዙ መቶ ዓመት እርጋታ ስለነበረው ነው። የሕይወት ስጋት ለውጥ አይደለም፤ መሄጃ ማጣት ነው። ከሐይቁ በቀር በዓለም የትም የማይገኙ፣ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ጣና ውስጥ አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ዳር ይራባል። አምባዛም ጎርፍ በሸፈነው ሣር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ባለው ስፋት ነው። ግንብ ሲሠራ ያ ስፋት ወደ አንድ መስመር ይጠባል። በግንቡ ወዲህ ንጣፍ፣ በግንቡ ወዲያ ጥልቅ ውሃ፤ መካከል የሚባል ነገር አይቀርም። ሐይቁ ሲቀየር መንገድ ያገኝ የነበረ ፍጥረት ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ያበቃለታል።

ይህ መካከል ባዶ እንዳልሆነ እንቦጭ የተባለው አረምም ያስተምረናል። ተክሉ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳር ተስፋፍቶ ሕዝብ ከየአገሩ መጥቶ በእጁ ነቅሎታል። የወደቀው ዘር ግን ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ ውሃ ሲሸሽና ፀሐይ ጭቃውን ስትነካው ይበቅላል። ባዶ የተባለው መሬት እንዲህ ሥራ የበዛበት ነው። ክፉውም ደጉም ዘር ተራውን የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ሰውም ያስፈልገዋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለ ቦታ ነው። የሕዝብ የሚባለውን ቦታ ሕዝቡ ከማን ጋር እንደሚጋራው፣ በየትኛው ወር ለማን እንደሚለቅ አይነግሩንም። ባሕር ሸሽ የሚያርሰው ገበሬ ያውቀዋል፤ ታንኳ ሠሪው አዛውንት ያውቁታል። ዕውቀቱ ያለው ከአዋጁ ውጭ፣ ስማቸው በመዝገብ ከማይገኝ ሰዎች ዘንድ ነው።

እኔ የእግረኛ መንገዱ ይፍረስ አልልም። ሰው ሐይቁን ሲያይ ይወደዋል፣ የወደደውን ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንባቢ ሆይ፣ የሚመጣው ሰኔ ባሕር ዳር ካገኘህ ወይም ካገኘሽ፣ ፎቶውን ተነስታችሁ ስታበቁ ከግንቡ ሥር ውረዱ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውረዱ፤ ድንጋዩ ላይ ያለውን የመስከረም መስመር በእጃቸው ይንኩት። ለከተማው አስተዳደርና ለክልሉ ምክር ቤት ደግሞ፦ የመስከረሙ ከፍታ በመላው ዳርቻ ተለክቶ በምልክት ይተከል፤ ከዚያ ምልክት በታች ያለው መሬት፣ ደርቆና ተሰነጣጥቆ በሚታይበት ወርም ቢሆን፣ ሐይቅ ተብሎ በሕግ ይጻፍ፤ በሊዝም ሆነ በምደባ ለማንም አይሰጥ፤ ደንገሉ ሲተከልና ሲጠበቅም ከደንገል ሲኖሩ የነበሩት ሰዎች ቀድመው ይጠየቁ።